አባባ ወረቀቱን ሲያገላብጡ

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ቃል የገባሁላችሁን የጉዞውን ወሬ ልቀጥል ነበር። አልወጣልኝም። ቅዳሜ አባባ ጋ ሄጄ ነበር። አዎ፣ የቅጠሉ አባባ፤ የምንመራመርበትን የመድኃኒት ቅጠል ያሳዩን የባህል ሐኪም።

ስለ ቅጠሉ የጻፍነው የምርምር ጽሑፋችን ታተመ አይደል? ደስ ይላቸዋል ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ተቀበሉኝ። አዩት። ገለበጡት። ደግመው ገለበጡት። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፣ ግን ይሄ እንግሊዝኛ ነው፤ በጣታቸው መስመር መስመሩን ሲከተሉ ዝም ብዬ ቆምኩ። «ልጄ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ።

የቱ ጋ ናቸው? «ከአንድ የባህል ሐኪም በተገኘ መረጃ» ይላል። በቃ።

ቤተ ሙከራችን በር ላይ የተለጠፈውን ባለፈው አንብቤላችኋለሁ፤ የሕዝቡን ዕውቀት ፈትሾ ለሕዝቡ መመለስ የሚለውን። ከልቤ አምንበታለሁ። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀን፣ ፈጭተን፣ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፈን፣ ለአይጦቹ በዶዝ በዶዝ የምንሰጠው ለዚያ ነው። የአይጦቹም ነገር... እሱን ሌላ ቀን።

ግን ለማን ነው የመለስነው?

እንዶድን ውሰዱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች። ያ ሁሉ ምርምር የመጣው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመውበታል። ዶክተር አክሊሉን የማደንቃቸው ወንዝ ዳር ወርደው ስላዩ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ግን የማስበው እነዚያን ሴቶች ነው። ስማቸው ማን ነበር?

የጥናቱን የስምምነት ፎርም ለአባባ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ስምዎ አይገለጽም» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እኮ ከችግር እየጠበቅኳቸው መስሎኝ ነበር! ምናልባትም ትክክል ነው፤ ስማቸው ቢወጣ ማንም እየመጣ ያስጨንቃቸዋል፣ መድኃኒቱም ከልጃቸው ውጪ ለማንም የማይነገር ነው። ወይም ደግሞ... ፎርሙ ላይ «ስሜ ይጻፍልኝ» የሚል ምርጫ ቢኖርስ? ማን ጠየቃቸው?

አልተቆጡም። ወረቀቱን አጣጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። ቡና ጠጣን። ስወጣ ሌላ ቅጠል ሰጡኝ፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ መሰለኝ፣ አላልኩም። ቤተ ሙከራ ወስጄ እንዲደርቅ ጋዜጣ ውስጥ ዘረጋሁት። መለያው ላይ የሰብሳቢ ስም የሚል ቦታ አለ፣ ሁሌ የራሴን ነው የምጽፈው፣ እና ዛሬ ጠዋት እስክሪብቶውን ይዤ...