በፊልሞቻችን ያበደ ሰው ለምን አይድንም?

በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ለፊልም ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፊልም ደራስያን፣ አዘጋጆችና ተዋንያን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 30 ቀን ገደማ ሲከበር ስለኖረ፣ በዚህ ዕለት ምን እንደሚባል ሁላችንም አስቀድመን እናውቃለን። ግንዛቤ ይፈጠር ይባላል፤ መገለል ይቁም ይባላል፤ ሻይ ጠጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንለያያለን። አዘጋጆቹ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ አእምሮ ጤና እንድናገር ሲጋብዙኝ ያንኑ የለመድነውን እንድደግም ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ይህን ያህል የፊልም ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የማገኝበት አጋጣሚ ስለማይደጋገም፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ በሆዴ ይዤው የኖርሁትን አንድ ቅሬታ ላወጣው ነው የመጣሁት። በፊልሞቻችን ውስጥ ሰው ያብዳል፤ ታሞ የሚታከም፣ ታክሞም ወደ ቤቱና ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ግን የለም።

ያን የምናውቀውን እብድ እስቲ በዓይነ ልቡናችሁ አምጡት። ጸጉሩ ተንጨብርሯል፤ ጆንያ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ቆርቆሮና የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥሏል። ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማታ የት እንደሚያድር አይነገረንም። ዋናው ገጸ ባሕርይ በመንገድ ሲያልፍ ብቅ ብሎ አንድ የተመሰጠረ ነገር ይናገራል፣ ወይም ድንጋይ አንሥቶ ሰውን ያባርራል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ እሱም ይጠፋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ፍቅረኛዋ እንደከዳት በስልክ ትሰማለች፤ ስልኩን ጥላ ትስቃለች፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ጨርቋን ጥላ አደባባይ ላይ ናት። በሽታው በስልክ ጥሪ ተጀምሮ በአንድ ጀምበር እንዲህ ሲጠናቀቅ እኔ አላየሁም። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ በማጣት፣ ከሰው በመሸሽ፣ ሳህን ቀርቦለት «ይህ ወጥ ምን ተጨምሮበታል?» በማለት እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው፤ አብራው የምትኖረው እናቱ እንኳ በሽታ መሆኑን የምታውቀው ዘግይታ ነው።

ይህ እብድ ከሰማይ አልወረደም። «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» የሚል ሕዝብ ነን። ደፍሮ መናገር አንገት በሚያስቆርጥበት ዘመን ጨዋው የማይለውን በእብድ አፍ ማስባል ለብዕረኛ ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ ይህን ውለታ አልክድም። ነገር ግን «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚልም ተረት አለን። ፊልሞቻችን የመጀመሪያውን ተረት ይዘው ተነሥተው፣ ዛሬ የሚያገለግሉት ሁለተኛውን ነው። ያበደ አይድንም፤ የዳነ ቢመስልም አይታመንም፤ ሥራ አይሰጠውም፤ ልጅ አይዳርለትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዘጋጅ ስክሪፕቱን ይዞ እኔ ወደምሠራበት ክፍል መጣ። ስሙን አላነሣም፤ ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አጠያየቁም ከልቡ ነበር። ታሪኩ ሥራውንና እጮኛውን አጥቶ ስለሚያብድ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው። ወጣቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጎዳና ላይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ አልደረሰም፤ አንዲት ክኒን አልዋጠም። አነበብሁት፤ የመሰለኝንም በየገጹ ጥግ ጻፍሁለት። ታማሚው ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ እንደማይጮህ፣ ብዙውን ጊዜ ጭልጥ ብሎ እንደሚያዳምጥ፣ አንዳንዴም ድምፁን ለማሸነፍ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ እንደሚከፍት ነገርሁት። አዘጋጁ በትዕግሥት ሰምቶ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ካሜራ ፊት ግን ምንም አይታይም» አለኝ።

የሚታይ ነገር ፍለጋ መሪ ተዋናዩ ከሰዓት በኋላ በኋላ ግቢያችን እየመጣ ከሕሙማኑ ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ጎበዝ ተዋናይ ነው። ልምምዱን ሲጨርስ ተነሥቶ አሳየን፤ እጆቹ ከጎኑ ደርቀው አይወዛወዙም፤ እርምጃው አጭርና እግር የሚጎትት ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ምራቅ ይታያል። አብረውት የመጡት ሁሉ አጨበጨቡለት። እኔም በጣም ጥሩ አድርጎ እንዳጠናው ነግሬው፣ ያጠናው ግን በሽታውን እንዳልሆነ አስረዳሁት። ያ አረማመድ የዕብደት አረማመድ አይደለም። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች የሚያመጡት የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ለእሱም መጠኑን በመቀነስ፣ ሌላ ክኒን በመጨመር ወይም መድኃኒቱን በመቀየር መላ ይፈለግለታል። እንግዲህ ክኒን ዋጥ አድርጎ የማያውቀው መሐንዲስ፣ መድኃኒት ሲወስድ እንደኖረ ሰው ሊራመድ ነው ማለት ነው። ታማሚው ለመዳን ሲል የሚከፍለውን ዋጋ ወስደን የዕብደቱ መልክ አደረግነው።

አዘጋጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ተመልካቹ ግን ይህን አያውቅም» አለ። ፊልሙ ሲወጣ አረማመዱ እንዳለ ነበር። ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁት። ተዋናዩ ያን እርምጃ በጀመረ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ያውካካ ነበር።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ አላነሣውም ነበር። ከእኛ ዘንድ የሚከታተል፣ ተሽሎት ወደ ሥራው የተመለሰ፣ በሽታውን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ያልነገረ አንድ ታካሚ ነበር። ፊልሙን ያየው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው። በቀጠሮው ቀን መጥቶ፣ «ሲስተር፣ አሁንማ ስራመድ አይተው ያውቁኛል» አለኝ። መድኃኒቱን መቀየር እንደሚቻል፣ ከሐኪሙ ጋር እንደምነጋገርለት ነገርሁት፤ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጣም። ወራት ቆይቶ የመጣው ሁለት ወንድሞቹ ይዘውት ነው፤ መድኃኒቱን አቋርጦ፣ ሥራውንም አጥቶ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ፊልም ላይ ልጫን አልልም። ነገር ግን ተመልካቹ አያውቅም ሲባል፣ ከተመልካቹ መካከል አንዱ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ዕብደትን ማሳቂያ አድርጋችሁ ትኬት ስትሸጡ፣ ከገዢዎቻችሁ መካከል ታማሚው አለበት፤ እናቱ አለችበት፤ ወንድሙም አለበት። ይህን በማለቴ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው!

ችግሩ የእኛ ብቻ ነው አላልሁም፤ የምንኮርጅባቸውም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ካወጣ ወዲህ የአእምሮ ሕመምና ነፍሰ ገዳይነት በሆሊዉድ ሲዛመዱ ኖረዋል፤ ስኪዞፍሬንያንም አንድ ሰው ሁለት ሰው የሚሆንበት በሽታ አድርጎ የሚያምን ሰው ዛሬም ሞልቷል። ስኪዞፍሬንያ እንዲያ አይደለም፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ሐሳብንና እምነትን የሚያዛባ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና 5 ኦስካር የወሰደው «ዋን ፍሉው ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተቀረጸው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በሚገኝ እውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሳቸው ሐኪሙን ሆነው ተውነዋል። ትልቅ ፊልም ነው፤ በሕሙማን ላይ ይፈጸም የነበረውን ጭካኔም አጋልጧል። ሆኖም በውስጡ ያለው አንድ ትዕይንት፣ ነቅቶ ያለ ሰው ተጨፍልቆ ተይዞ በኤሌክትሪክ ሲንዘፈዘፍ የሚያሳየው፣ ከፊልሙ ሁሉ በላይ በሰው አእምሮ ተቀርጾ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ የተጀመረው ያ ሕክምና ዛሬ በሥርዓቱ የሚሰጠው በሰመመንና ጡንቻን በሚያፍታታ መድኃኒት ነው፤ በሌላ መንገድ ላልተመለሰ ከባድ ድባቴም ሕይወት ያተርፋል። ስለ ሕክምናው ለቤተሰብ ላስረዳ ስጀምር ግን የሚመጣልኝ መልስ፣ «ልጄን በኮረንቲ ልታቃጥሉት ነው?» የሚል ነው።

አንድ ታማሚ ሲሻለው ለማየት እስከ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» መጠበቅ ነበረብን ብል ማጋነን አይሁንብኝ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ፊልም በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተካፈለውን የሒሳብ ሊቅ የጆን ናሽን ሕይወት መነሻ ያደረገ ነው። እሱም ቢሆን ከውሸት አልጸዳም። ናሽ ይሰማው የነበረው ድምፅ ነው፤ ፊልሙ ግን ድምፁን ሥጋ አልብሶ ሰው አደረገው። ናሽ ከ1970 በኋላ መድኃኒት እንዳልወሰደ ራሱ ተናግሯል፤ የፊልሙ ናሽ ግን አዳዲሶቹን መድኃኒቶች እንደሚወስድ ይናገራል። በዚህ በሁለተኛው ውሸት ላይ እኔ ሁለት ልብ ነኝ። ተመልካች ታማሚ መድኃኒቱን እንዳይጥል ይጠቅማል፤ ግን ውሸት ነው። ያም ሆነ ይህ ፊልሙ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 4 ኦስካር ወስዷል። ስለዚህ የታከመና የተሻለው ሰው ታሪክ ካሜራ ፊት አይታይም፣ ገበያም አያወጣም የሚለውን ምክንያት ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣብኝ!

ስለ ነፍሰ ገዳዩ እብድ ደግሞ ቡታጅራን ልጥራ። በቡታጅራ ገጠር ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመታት ተከታትለው ነበር። ሕሙማኑ ከሌላው ሰው 3 አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ይሞቱ እንደነበር ተገኘ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የወሰዳቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ፤ በአደጋ የሞቱ ነበሩ፤ በሰው እጅ የተገደሉም ነበሩ። ተገደሉ ነው የምላችሁ! በፊልሙ ውስጥ ቢላ የያዘው እሱ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን ሟቹ እሱ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ጥቃት ከሚያደርስበት ይልቅ ጥቃት የሚደርስበት ጊዜ እንደሚበዛ በየአገሩ የተጠና ነገር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ገና የዘፈቀደ ገዳይ ስንፈልግ «ከአማኑኤል ያመለጠ» እንላለን። አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ሰው የሚያመልጥበት ሳይሆን የሚታከምበት ቦታ ነው።

ስለ ጠበል በአጭሩ። ስክሪፕቶቻችን ጠበልንና ሐኪም ቤትን ያጣላሉ፤ አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ ይሆናል። እኛ የምናያቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሁለቱንም ይሞክራሉ፤ ጠዋት ጠበል ጠጥቶ ክኒኑን የሚውጥ ታካሚ ብርቅ አይደለም፤ ይህን የሚመክሩ ካህናትም አሉ። እንዲህ ያለውን ካህን በፊልም ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ራስን ስለ ማጥፋት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለፊልምና ለመድረክ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል። ዋናው ነገር አፈጻጸሙን በዝርዝር አታሳዩ፣ ብቸኛ መውጫም አታስመስሉት የሚል ነው። በዚያው ዓመት ኔትፍሊክስ «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ከተሰኘው ተከታታይ ድራማ እንዲህ ያለውን ትዕይንት፣ ለተመልካች ከቀረበ ከ2 ዓመት በኋላ ቆርጦ አውጥቶታል። እኛ ከመቅረጻችን በፊት መቁረጥ እንችላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በነበረው ግምት ከ8 ሰው አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። አብዛኛው ድባቴና ጭንቀት ነው፤ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ከ300 ሰው አንድ ያህል ናቸው። በዚህ ሒሳብ ይህ አዳራሽ ስንት ታማሚ እንደያዘ ለማወቅ ግራ ቀኛችሁን አትዩ፤ ጆንያ ስላልለበሱ አትለዩአቸውም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ስክሪፕታችሁ ከመቀረጹ በፊት የሚያነብላችሁ ባለሙያ አለ፤ ክፍያ አንጠይቅም፤ ነገር ግን ካነበብንላችሁ በኋላ ስማችንን በምስጋናው ዝርዝር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የነገርናችሁን ስሙ። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ወይም ስኪዞፍሬንያ ያለበት፣ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ክኒኑን የሚውጥ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሥራ የሚገባ፣ አንዳንዴም ሕመሙ የሚመለስበትና የሚታከም ሰው ጻፉልኝ። የፊልሙ ታሪክ ስለ ሕመሙ አይሁን፤ ስለ ውርስ ክርክር ይሁን፣ ስለ ፍቅር ይሁን፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ይሁን። እንዲህ ያለ ስክሪፕት የጀመረ ካለ፣ ሻዩ ላይ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።

አመሰግናለሁ።