ከመስታወቱ ፊት ያለው ወንበር፦ የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤትና እኛ

ናሆም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነን። እንደ ወትሮው እትዬ እመቤት አብረውኝ አሉ።

እመቤት፦ እንደምን ሰነበታችሁ።

ናሆም፦ የዛሬው ጉዳያችን የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤት ነው። ሐሳቡን ያመጡት እርስዎ ስለሆኑ ከየት እንደተነሱ ቢነግሩን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉልን።

እመቤት፦ የተነሳሁት ከባለቤቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ግፊት ስለካ ውዬ ነው ቤቴ የምገባው። የባለቤቴን ግን ለክቼ አላውቅም ነበር። «ደህና ነኝ» ይለኛል፣ አምኜው እተኛለሁ። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ቅዳሜ ሥራ አልነበረውምና ልጃችንን ፀጉር ሊያስቆርጥ ይዞት ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የልጁን ጨርሶ፣ አንገቱን በብሩሽ አራግፎ ካስነሳው በኋላ ባለቤቴን «አንተም ተቀመጥ» አለው። የሚቆረጠው መስሎት ተቀመጠ። ሰውዬው ከመሳቢያው ቶንዶስ ሳይሆን የግፊት መለኪያ አውጥቶ ክንዱ ላይ አሰረለት። 178 በ110።

ናሆም፦ እግዚኦ።

እመቤት፦ «እንዳትናገር፣ እግርህን አታነባብር» ብሎ አምስት ደቂቃ አስቀመጠውና እንደገና ለካው። ያው ነው። ቁጥሩን በካርድ ላይ ጻፈና «ዛሬውኑ ለሚስትህ ስጣት» አለው። እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ? ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ መኪና ውስጥ።

ናሆም፦ ለምን መኪና ውስጥ?

እመቤት፦ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ አንተ ያነበብከውን ተናገር።

ናሆም፦ የእኚህን ሰው ደግነት ሳላሳንስ፣ ነገሩ በጥናት የተፈተነ መሆኑን ልጨምር። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የመሩት ሮናልድ ቪክተር የሚባሉ ሐኪም ሲሆኑ፣ የተካሄደው በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሚገኙ 52 ፀጉር ቤቶች ነው። የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው 140 እና ከዚያ በላይ የሆነ 319 ጥቁር ወንዶች ተሳተፉ። ሁሉም የቤቱ ቋሚ ደንበኞች ናቸው። ከዚያ ፀጉር ቤቶቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን አስተካካዮቹ ደንበኞቻቸውን መከሩ፤ ጨው ቀንሱ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ አሏቸው። በሌላው ወገን የመድኃኒት ባለሙያ ራሱ ወደ ፀጉር ቤቱ እየመጣ፣ ከሐኪሞች ጋር በተደረገ ስምምነት እዚያው መድኃኒት አዘዘ፣ እዚያው ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ ምክር ብቻ በተሰጠበት ወገን ግፊቱ በአማካይ በ9 ቀነሰ። መድኃኒቱ ፀጉር ቤት ድረስ በመጣበት ወገን በ27።

እመቤት፦ ሃያ ሰባት! ይህ ቁጥር ለጤና ባለሙያ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ክኒን ብቻውን ብዙ ጊዜ አሥር ያህል ነው የሚቀንሰው። ሃያ ሰባት ሲወርድ ከስትሮክ የሚተርፍ ሰው አለ፣ ኩላሊቱ የሚተርፍለት ሰው አለ። ደግሞ ምክሩም ከንቱ አለመሆኑን ተመልከቱ፤ ዘጠኝ ቀላል አይደለም። ግን ለሰው «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ማለትና ሕክምናውን የሚያምነው ቦታ ድረስ ማምጣት ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

ናሆም፦ እዚሁ እኛም ዘንድ ተሠርቶበታል። በ2021 የኮቪድ ክትባት ሲሰጥ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ፍትሕ ማዕከል ከዋይት ሃውስ ጋር ሆኖ በመላ አገሪቱ ያሉ ፀጉር ቤቶችንና የሴቶች ፀጉር ሥራ ቤቶችን ለክትባት ዘመቻው አሰለፈ። ሐኪሙ ሲናገር ያላመነ ሰው ፀጉር አስተካካዩ ሲነግረው ያምናል የሚል ስሌት ነው።

እመቤት፦ ሐኪሙን ለምን አላመነም? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የበደልኩት ነገር አለ። አዲስ ነርስ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ መርፌ ይዤ ስቀርብ «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብልቃጡን አሳዪኝ» አሉ። ደሜ ፈላ። ተጠራጠሩኝ ብዬ ተቀየምኩና መዝገባቸው ላይ «ለመታከም አይተባበሩም» ብዬ ጻፍኩ። ቱስኪጊ ስለሚባለው ጥናት የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከ1932 እስከ 1972፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት በአላባማ 399 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም አለባችሁ» እያለ ሳያክም ሕመማቸውን ሲከታተል ኖረ። ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጣቸውም። የእኚያን ሽማግሌ ዕድሜ ሳሰላው፣ የጥናቱ ወሬ ሲወጣ ጎልማሳ ነበሩ። ብልቃጡን ማየት መብታቸው ነበር። ያን ጽሑፍ ተመልሼ መሰረዝ ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ።

ናሆም፦ ፀጉር ቤቱ ደግሞ የራሳቸው ነው። ዳኛውም፣ ሐኪሙም የሌላ ወገን በነበረበት ዘመን ጥቁር ሰው ባለቤት ሆኖ የሚያስተዳድረው ቦታ ስንት ነበር? ቤተ ክርስቲያን፣ ቀብር አስፈጻሚ፣ ፀጉር ቤት። ነገር ግን ታሪኩ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የታወቁት ጥቁር ፀጉር አስተካካዮች የሚላጩት ሀብታም ነጮችን ነበር። በ1858 በጆርጂያ በባርነት የተወለደው አሎንዞ ኸርንደን በአትላንታ እጅግ ያማረ ፀጉር ቤት ነበረው፤ አስተካካዮቹ ጥቁሮች፣ ተስተናጋጆቹ ግን ነጮች ብቻ። ወገኑ በዚያ ወንበር መቀመጥ አይችልም ነበር።

እመቤት፦ ሌላውን ሰው በምላጭ እየላጩ የራስን ወገን በር ላይ መመለስ… ይህን ሰው ልፈርድበት አልችልም፣ ግን ያመኛል።

ናሆም፦ ገንዘቡን ያዋለበትን ይስሙ። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተቋቋመች፣ አባላቷ ሳንቲም እያዋጡ ለታመመና ለሞተ የሚረዳዱባት አንዲት ትንሽ ማኅበር ልትፈርስ ስትል በ1905 በ140 ዶላር ገዛት።

እመቤት፦ እድር ነው እኮ ይሄ!

ናሆም፦ እድር ነው። ያችን እድር አሳድጎ አትላንታ ላይፍ የተባለ የሕይወት መድን ኩባንያ አደረጋት። በሰሜን ካሮላይና ደርሃምም እንዲሁ፤ ጆን ሜሪክ በባርነት የተወለደ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ በ1898 ከሌሎች ጋር ኖርዝ ካሮላይና ሚውቹዋልን መሠረተ። ከጥቁር አሜሪካውያን ታላላቅ የመድን ኩባንያዎች ሁለቱን ያቋቋሙት ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ እጃቸው ይገባል፤ የሚላጩት ባለ ፋብሪካ ስለ ንግዱ ሲያወራ ይሰማሉ፤ ማታ ሰፈራቸው ሲመለሱ ደግሞ መቀበሪያ አጥቶ የሚለመንለትን ጎረቤት ያያሉ።

እመቤት፦ እኛ እዚህ አገር መጥተን እድር ስናቋቁም ከአገራችን ያመጣነው ብቸኛ ሀብት ይመስለናል። አጠገባችን ያለው ሰው አያቱ እንደዚሁ ሲያዋጣ እንደኖረ ማን ነገረን? አልጠየቅንማ። ዘጠነኛው ጎዳናም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ናሆም፦ ዋሽንግተን፣ ዩ ስትሪት አጠገብ ማለትዎ ነው?

እመቤት፦ አዎ። ዩ ስትሪት በአንድ ወቅት የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል የነበረ፣ ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በአካባቢው ያደገበት ሰፈር ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሳው ቁጣ ተቃጠለ፤ ከዚያም ብዙ ዘመን ተዘግቶ ኖረ። የእኛ ሰዎች ቆይተው ገቡና የተዘጉትን ቤቶች ከፈቱ፤ ምግብ ቤት፣ ገበያ። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። በ2005 ግን አንዳንድ ነጋዴዎች ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየምልን ሲሉ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ብዙዎቻችን «ምቀኝነት ነው» አልን፤ እኔም ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን፣ አያቱ የገነባው ሰፈር ላይ ትናንት የመጣ እንግዳ ስሙን ሊጽፍበት ሲል የሚከፋው ሰው ምቀኛ አይባልም።

ናሆም፦ እኔ እንዲያውም የዳር ተመልካች መሆን አልቻልኩም። ስድስት ዓመቴ ላይ ነው የመጣሁት። ቤት ውስጥ «አንተ ሐበሻ ነህ፣ ከእነሱ ጋር አትግጠም» እየተባልኩ አደግኩ። ትምህርት ቤት ስገባ ግን «እነሱ» የተባሉት እኔው ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን አባቴ ጎማ መቀየር አስተማረኝ፤ የሚያውቀው እሱን ነው። ፀጉር አስተካካዬ ግን ቶንዶሱን አጠፋና «እጅህን አሳየኝ» አለኝ። ሁለቱን እጆቼን ይዞ የወንበሩ ክንዶች ላይ አስቀመጣቸው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። «ፖሊስ ሲያስቆምህ እጆችህ መሪው ላይ እንዲህ ይሁኑ። መታወቂያ ሲጠይቅህ መጀመሪያ ኪሴ ውስጥ ነው በል፣ ከዚያ ላወጣው ነው በል፣ ከዚያ ቀስ ብለህ አውጣ።» ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩን ነበር፤ አንዳቸውም አልሳቁም። አባቴ ይህን ትምህርት አያውቀውም፤ ያስተማረው አባት የለማ።

እመቤት፦ (ረጅም ዝምታ) የእኔንም ልጅ ያስተማረው ፀጉር አስተካካዩ ነው ማለት ነው። እኔ አላስተማርኩትም።

ናሆም፦ አሁን ወደ መኪናው እንመለስ?

እመቤት፦ እሺ። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆነው የክፍል ጓደኞቹ ወደሚሄዱበት ፀጉር ቤት ውሰጂኝ አለኝ። ወሰድኩት። በሩ ሲከፈት የሙዚቃው ድምፅ፣ የወንዶቹ ጭቅጭቅ… ፈራሁ። አንድም ሰው ክፉ ቃል ሳይናገረኝ ፈራሁ። ልጁን አስገብቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ በሚቀጥለውም ወር፣ በሚቀጥለውም ዓመት። በብርድ ወራት ቶሎ ይመሻል። በራፉ ላይ አንድ መብራት አለ፤ እሱ ሲበራ በዚያ ብርሃን ውዳሴ ማርያሜን እያነበብኩ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ።

ናሆም፦ የድሬዱ ጉዳይም በዚያ መካከል ነው?

እመቤት፦ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ። ፀጉሩን አሳድጎ ድሬድ ሊያደርግ ፈለገ። «ዱርዬ መስለህ ከቤቴ አትወጣም» አልኩት። ዱርዬ የሚለውን ቃል ከድሬድ ጋር ማን አገናኘልኝ? እኔ ያደግኩት ጎንደር ነው። አያቴ ለጥምቀት ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያደንቃታል። የአርበኞቹን ጎፈሬ በፎቶ አይቼ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴ ልጅ ግን የራሱን ፀጉር እንደ በቀለው ላኑረው ሲል አስላጨሁት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም። ተላጭቶ ሲወጣ ጭንቅላቱን በሹራቡ ኮፍያ ሸፍኖ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንደተቀመጠ ዛሬም ይታየኛል።

ናሆም፦ ይህን ጉዳይ ሕግ አውጥተው መከላከል ነበረባቸው እኮ። ካሊፎርኒያ በ2019 ክራውን አክት የተባለውን ሕግ አወጣች፤ ሜሪላንድ በ2020 ተከተለች። ሰው በድሬዱ፣ በሹሩባው፣ በጎፈሬው ምክንያት ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት አይገለል የሚል ነው። በመላ አገሪቱ እንዲሠራ በ2022 የተወካዮች ምክር ቤት ቢያጸድቀውም በሴኔቱ አላለፈም።

እመቤት፦ ለሹሩባ ሕግ! አያቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር።

ናሆም፦ ታዲያ ካርዱ እጅዎ ከገባ በኋላስ?

እመቤት፦ የዚያኑ ቀን ባለቤቴን ይዤ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። መድኃኒት ጀመረ፤ ዛሬ ደህና ነው፣ ተመስገን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ጭቅጭቁ ጸጥ አለ። መስኮቱ አጠገብ የነበሩት ሽማግሌ ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ጠርጎ መጣና ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት «ባለ መኪናዋ ሴት አንቺ ነሽ» አለኝ። አዎ አልኩት፤ አፈርኩ። «ከወንበሬ ሆኜ በመስታወቱ አይሽ ነበር» አለ። «መጽሐፍ ታነቢያለሽ። የበራፉን መብራት ሲመሽ የማበራው ለዚያ ነው። ደንበኞቼማ መንገዱን በጨለማም ያውቁታል።»