አፍ የሌለው ስክሪን

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ሳምንት ጠፋሁባችሁ አይደል? ምክንያቱን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። የፖድካስት ሰው ሆኜ ኮምፒውተሬ ድምፅ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ዴስክቶፔን የሚያንቀሳቅሰውን ኡቡንቱ የተባለ የሊኑክስ ሥርዓት ከ22.04 ወደ 24.04 አፕግሬድ አደረግኩት። በዚያው ቀን አንድ ወዳጄ ያገለገለ ስክሪን ሰጠኝና በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰካሁት። ማታ የቀዳሁትን ላዳምጥ ከፈትኩ። ጭጭ። ድምፁን እስከ ጥግ ገፋሁት። አሁንም ጭጭ።

ወዲያው አፕግሬዱን ከሰስኩ። ሰበብ አላጣሁም። በ22.04 ድምፁን የሚያስተናግደው ፑልስኦዲዮ የሚባል ፕሮግራም ነበር። በ24.04 ግን ቦታውን ፓይፕዋየር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራ ይህን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2021 አድርጎታል፣ ኡቡንቱ ደግሞ በ22.10፣ ማለትም በጥቅምት 2022። እኛ የቆየን የሊኑክስ ሰዎች ደግሞ ቂመኞች ነን። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ፑልስኦዲዮን ሲያስገባ ስንቱ እንደተማረረ አንረሳም። ‹ይኸው፣ ደገሙት› አልኩ።

ፓይፕዋየርን አጥፍቼ አስነሳሁት። ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። ኮምፒውተሩን ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንዳበራሁ አትጠይቁኝ። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ቀይሬ፣ የጠረጠርኩት የማላየውን ነው። ገመዱን በገዛ እጄ ስለሰካሁት አመንኩት።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው መስመር ትዘላለች! ‹ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ› ያልኩበት ቦታ ላይ ትነሳለች፤ ትንፋሽ ስወስድ ትወድቃለች። ድምፁ አለ ማለት ነው። ግን ወዴት ነው የሚሄደው?

ኤችዲኤምአይ ምስል ብቻ አያመላልስም፤ ድምፅም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስክሪኑን እንደ አንድ የድምፅ መውጫ ይቆጥረዋል። የእኔው ስክሪን ደግሞ ስፒከር የለውም። ያን ሁሉ ሰዓት ወሬዬ በገመዱ ተጉዞ አፍ የሌለው ስክሪን ውስጥ ይቀር ነበር። ሴቲንግ፣ ድምፅ፣ መውጫ፤ ከኤችዲኤምአይ ስፒከሬ ወደተሰካበት የኮምፒውተሩ የጀርባ መስመር ቀየርኩት። አንድ ክሊክ።

ተገላገልኩ ስል... ጭጭ!

እዚህ ላይ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ አልሳሚክሰር የተባለውን የድምፅ ማስተካከያ ጠራሁ። በኤፍ 6 የድምፅ ካርዱን ስትመርጡ የቆሙ አምዶች ይደረደራሉ። ከስሩ ሁለት ኤም ከተጻፈ ተዘግቷል፣ ሁለት ዜሮ ከሆነ ክፍት ነው። ኤምን ስትጫኑ ይቀያየራል። የእኔ ሁሉም ዜሮ ዜሮ። ለማንኛውም ብዬ ሁሉንም እስከ ላይ ወሰድኳቸው። ቅጂውም እየደጋገመ እንዲጫወት ተውኩት።

ቀስቱን ወደ ቀኝ ስገፋ ‹ኦቶ ሚውት› የምትል መጣች። የጆሮ ማዳመጫ ከተሰካ ስፒከሩን ዝም አሰኝ ማለት ነው። ‹እኔ እኮ ማዳመጫ አልሰካሁም!› እያልኩ ብቻዬን ተከራከርኩ። ከዚያ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጠረጴዛው ስር ገባሁ።

ኬዙ ፊት ላይ የማዳመጫ ማራዘሚያ ገመድ ተሰክቶ ቀርቷል። ጫፉ ላይ ምንም የለም፤ አቧራ ላይ ተጋድሟል። ማዳመጫውን ነቅዬ ስወስድ ማራዘሚያውን ረስቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል? ቀዳዳው ውስጥ ጃክ ካለ ሰው እያዳመጠ ነው ይላል።

ነቀልኩት። ሁሉን ነገር እስከ ጥግ ገፍቼ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የራሴ ድምፅ ‹ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ!› ብሎ ቤቱን አናወጠው። እማዬ ከመኝታ ቤት ባንና ተጣራች፦

‹ማን ነው የመጣው በዚህ ሌሊት?›