ከምረቃው በኋላ ያለው ውሃ፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በጎ ፈቃደኞችና ደጋፊዎቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በየጉባኤው ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ የሚለው ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም፦ ከቆፈርናቸው ውስጥ ዛሬ ጠዋት ውሃ የሰጡት የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ገጠር ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ከአራቱ አንዱ ገደማ እንደማይሠራ ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ ፓምፑን የሚያቆመው ያለቀ ማሸጊያ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም የዛገ ዘንግ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ የተነደፈው የመንደሩ ሰው በጥቂት መሣሪያ ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነበር። ታዲያ ጎማው በአካባቢው ካልተሸጠ፣ መግዣ ገንዘብም ካልተጠራቀመ፣ ይህ ሁሉ ብልሃት ምን ይፈይዳል? ፓምፑ በቆመ ማግስት ሴቶችና ልጃገረዶች 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ወደ ድፍርሱ ኩሬ ይመለሳሉ። ይህ ያንገበግበኛል፤ ተስፋ የሰጠናቸው እኛ ነንና።

በጎ ፈቃደኛ ምን ማድረግ እንደሚችል በተበከለ የመጠጥ ውሃ የሚተላለፈው የጊኒ ትል በሽታ ታሪክ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ1986 በአፍሪካና በእስያ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ በ2023 በመላው ዓለም የተመዘገቡት ታማሚዎች 20 እንኳን አልሞሉም። ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። የመንደር ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ውሃን በጨርቅ ማጥለል አስተማሩ፤ ትሉ ከቆዳው የወጣበት ሰው ወደ ኩሬ ገብቶ ውሃውን እንዳይበክል ተከታተሉ፤ ታማሚዎችን አንድ በአንድ መዘገቡ። እነዚህ ፈቃደኞች የዚያው ቀዬ ልጆች ናቸው። እኛ ሥራችንን ጨርሰን እንመለሳለን፤ እነርሱ ግን እዚያው ይኖራሉ።

ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴው በመጪው ዓመት አዲስ ቁፋሮ ቀንሰን የቆሙትን ፓምፖች እንድንጠግን ሐሳብ ያቀርብላችኋል። በየመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይጠናከር፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ራሳቸው ገንዘብ ያዥም ጠጋኝም ይሁኑ፤ መለዋወጫ በቅርብ ይገኝ። ውሃው ሳይመረመር ደግሞ አንድም ፓምፕ አናስረክብ። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ገደብ ያልፋል፤ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲበዛም አጥንት ያጣምማል። በማፍላት አይወገድም።

ለጋሾች የአዲስ ጉድጓድ ፎቶግራፍ ማየት እንደሚያስደስታቸው አውቃለሁ። የጎማና የቧንቧ ወጪ ግን ፎቶግራፍ አይወጣለትም። በግልጽ ካስረዳናቸው ይረዱናል ብዬ አምናለሁ፤ ባይረዱንም እንኳ ሐሳባችንን መለወጥ የለብንም።

በመጀመሪያ የጥገና ቡድኖችን ሪፖርት እንሰማለን፤ ከዚያ በሐሳቡ ላይ ተወያይተን ድምፅ እንሰጣለን። ጉባኤው ተከፍቷል።