ከርከዴና ዝንጅብል፦ በኬክ፣ በማርማላታና በሳምቡሳ ላይ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ከርከዴና ስለ ዝንጅብል ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ብዙ ሰው ከርከዴን እንደ ሻይ ቅጠል ያየዋል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ከርከዴ እጅግ ኮምጣጣ ስለሆነ ድስት ውስጥ ሲገባ ሎሚ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል። ዝንጅብል በበኩሉ እሳትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ዝንጅብሉ ይቅደም፣ ከርከዴው ይከተል።

ከጀሞ የደወሉ አድማጭ፦ "ለጾም ኬክ በውሃ ፋንታ የከርከዴ ውሃ አደረግሁ። ከኦቭን ሲወጣ ውስጡ አመድ መሰለ። ዱቄቱ ተበላሽቶ ይሆን?"

ዱቄቱ ደህና ነው፤ ቀለሙን የለወጠው ቤኪንግ ሶዳው ነው። ለከርከዴ ቅላቱን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው። ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሶዳ ሲበዛበት ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ይሄዳል። በተለመደው የጾም ኬክ ለ250 ግራም ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይገባል። ያ ኮምጣጤ የሚጨርሰው ከሶዳው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከርከዴው ቢታከልበትም ሶዳው ይተርፋል፤ የተረፈው ነው ኬኩን አመድ ያስመሰለው።

ሶዳውን ይተዉትና ለዚያው 250 ግራም ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይጠቀሙ። ከከርከዴው ውሃ ጋር 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ቤኪንግ ፓውደሩ ሁለት ተኩል ማንኪያ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ኬኩ ቶሎ ኩፍ ይልና ገና ሳይጠነክር መሃሉ ይሰምጣል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ቢሆን ውስጡ ደማቅ ቀይ አይሆንም። ቤኪንግ ፓውደሩ ኮምጣጣነቱን ይቀንሰዋል፣ እሳቱም ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ የሚያገኙት ቡናማ ያዘለ ሮዝ ነው። ቅላቱን የሚፈልጉት ለዓይን ከሆነ እሳት የማያገኘው ቦታ ላይ፣ ማለትም አይሲንጉ ላይ ያድርጉት። 20 ግራም ደረቅ ከርከዴ በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ጨምቀው ያጥልሉና ግማሹ እስኪቀር ድረስ ያፍሉት። ሲቀዘቅዝ 200 ግራም የላመ የዱቄት ስኳር ላይ በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። 2 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ሲገባ ከማንኪያው ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሆናል። ጾም ካልሆነና በእንቁላል ነጭ የሚሠሩ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ የእንቁላል ነጭም እንደ ሶዳ ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ስለሚጎትት ሎሚ ያስፈልገዋል።

ለፍስክ ደግሞ ቀለሙን የሚይዝ ብስኩት አለ። 200 ግራም ዱቄት፣ 130 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 70 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የደረቅ ዝንጅብል ዱቄትና በቡና መፍጫ ልሞ የተነፋ 1 የሾርባ ማንኪያ ከርከዴ ነው። ሶዳም ቤኪንግ ፓውደርም አይገባበትም፣ ስለዚህ ሮዝነቱ ይቆያል። በ160 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ይጋገርና ጠርዙ መቅላት ሲጀምር ይውጣ። ከዚያ በላይ ከቆየ ቡናማው ሮዙን ይሸፍነዋል።

ከሐዋሳ፦ "ከርከዴና ዝንጅብል አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት አፈላለሁ። መጠጡ ይጠቁራል፣ ይጎመዝዛል፣ የዝንጅብሉ ጣዕም ግን ብዙም አይሰማም።"

ግማሽ ሰዓት ለከርከዴ በጣም ብዙ ነው። ረጅም ፍላት ቀለሙን ይሰብረዋል፣ አፍ የሚይዘውን ጎምዛዛ ነገርም ያወጣዋል። ለዝንጅብሉ ግን 15 ደቂቃ ጥሩ ነው፤ ያልተሰማዎት ምናልባት በትልቁ ስለሚቆርጡት ነው። 40 ግራም እርጥብ ዝንጅብል (የአውራ ጣት ያህል ሁለት ቁራጭ) በስሱ ከትፈው ወይም ወቅጠው በ1.2 ሊትር ውሃ፣ ድስቱን ከድነው ለ15 ደቂቃ ያፍሉ። ከዚያ እሳቱን ያጥፉ። 40 ግራም ከርከዴ በቀዝቃዛ ውሃ ፈጠን ብለው ያለቅልቁ (አቧራና አሸዋ አያጣውም)፤ ከዝንጅብሉ ውሃ ጨምረው ለ15 ደቂቃ ከድነው ይተዉትና ያጥልሉ። ስኳሩን፣ ወደ 80 ግራም፣ ሞቅ እንዳለ ይጨምሩ። በማቀዝቀዣ አራት ቀን ይቆያል።

ስለ ድስቱ ባይጠይቁም እናንሳው፤ የአሉሚኒየም ድስት ለከርከዴ አይሆንም። ኮምጣጣው ብረቱን ይበላዋል፣ መጠጡም የብረት ጣዕም ይይዛል። በማይዝግ ብረት፣ በመስታወት ወይም ሽፋኑ ባልተፈነከተ የሸክላ ቅብ ዕቃ ይሥሩ። በአምቦ ውሃ የሚበርዙ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ቅላቱን ሊያደበዝዘው ስለሚችል ከርከዴውን ወፍራም አድርገው፣ ሎሚ ጠብ አድርገውበት ይቀላቅሉ።

ከሽሮ ሜዳ፦ "የከርከዴ ማርማላታ ስሠራ ቴርሞሜትሩ 104 ዲግሪ እስኪያሳይ እጠብቃለሁ። ሲበርድ ግን ማንኪያ አይገባበትም። እህቴ ቨርጂኒያ ሆና በዚያው አሠራር አሪፍ ይወጣላታል።"

የሁለታችሁም አሠራር ትክክል ነው፤ የተለያየው ከተማው ነው። 104 ዲግሪ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ከውሃ መፍያ 4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው፤ ለእርስዎ ያ 96 ወይም 97 ማለት ነው። 104ን ሲጠብቁ ውሃው አብዛኛው ተንኖ ያልቅና ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ከረሜላ ይሆናል። መጀመሪያ ባዶ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትርዎ ስንት እንደሚያሳይ ያንብቡ፣ ከዚያ 4 ዲግሪ ይደምሩበት። ይህ ቴርሞሜትሩ ራሱ ትንሽ የሚዋሽ ቢሆንም ያዋጣል።

ሌላው ችግር ከርከዴ ሲደርቅ ብቻውን አጥብቆ የሚያረጋ ፔክቲን በበቂ አለመያዙ ነው። ሰው አልረጋ ሲለው ማፍላቱን ይቀጥላል፣ ያኔ ያርራል። ስለዚህ ለ100 ግራም ደረቅ ከርከዴ ሁለት ፖም ከነልጣጩ ፈቅፍቀው ያስገቡ፤ የፖሙን እምብርትና የሁለት ሎሚ ፍሬ በነጠላ ጨርቅ ቋጥረው አብረው ይቀቅሉ። 1 ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም የተፈቀፈቀ እርጥብ ዝንጅብል ይግባ። ዝንጅብሉን 10 ደቂቃ ቀድመው ያፍሉ፤ ከዚያ ከርከዴውና ፖሙ ገብቶ 25 ደቂቃ ከድነው ይቀቅሉ። እዚህ ላይ ፍላቱ የሚረዝመው ከርከዴው ራሱ ስለሚበላና መለስለስ ስላለበት ነው። ቋጠሮውን ጨምቀው ያውጡ፣ የቀረውን ይፍጩ፣ ይመዝኑ። ለእያንዳንዱ ኪሎ 750 ግራም ስኳር ይጨምሩና ሰፋ ባለ ድስት፣ ሳይከድኑ፣ በጠንካራ እሳት እያማሰሉ ያፍሉ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሳህን በማቀዝቀዣ ያኑር፤ አንድ ማንኪያ ጠብ አድርጎ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በጣት ሲገፋው ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ አሜሪካ ውስጥ ደረቅ ከርከዴ በሜክሲኮዎች ሱቅ ሃማይካ በሚል ስም ይሸጣል፤ ያው ነው።

ከባሕር ዳር፦ "ዝንጅብል ያለበት የወተት ሻይ ሲቆራረጥብኝ ወተቱን እጠረጥራለሁ።"

ወተቱ ያልቆየ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዝንጅብሉ ይዙር። ጥሬ ዝንጅብል ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ፤ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ሲገባ ወተቱን ያረጋዋል። በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ ሆን ብለው 70 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ወተት በዝንጅብል ጭማቂ ላይ አፍስሰው እንደ እርጎ አርግተው ይበሉታል። ለሻይ ግን ዝንጅብሉን በውሃ 5 እስከ 10 ደቂቃ ያፍሉ፣ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከዚያ ወተቱን ይጨምሩ። በጄላቲን የሚሠራ ጄሎም ጥሬ ዝንጅብል ካለበት የማይረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ከርከዴና ወተት ግን ምንም ቢደረግ አይስማሙም።

ከአዳማ፦ "ለብስኩት እርጥብ ዝንጅብል ይሻላል ወይስ ደረቅ?"

ለብስኩት ደረቁ። እርጥቡ ውሃ ስለሚያመጣ ብስኩቱ ኦቭን ውስጥ ይንሰራፋል፣ ሲበርድም አይንኮሻኮሽም። ጣዕማቸውም ይለያያል፦ ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮል የሚባለው ነገር ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፣ ሾጋኦል ደግሞ ይበልጥ ያቃጥላል። እርጥቡ ያለው የሎሚ ዓይነት ሽታ በደረቁ ውስጥ አብዛኛው ጠፍቷል። ለ250 ግራም ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዝንጅብል ይበቃል። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ከመግዛት ሙሉውን ገዝቶ በየጊዜው በትንሹ መፍጨት ይሻላል፤ ዱቄቱ ጥቂት ወራት ሲቆይ ሽታው ይጠፋል፣ የሚተርፈው ማቃጠሉ ብቻ ነው።

እርጥቡ ለኬክ ጥሩ ነው፤ ለዚያው 250 ግራም ዱቄት ከ30 እስከ 40 ግራም። የአገራችን ዝንጅብል ጭረት ስለሚበዛው ጭረቱን አቋርጠው ይክተፉት፣ በርዝመቱ ከተቆረጠ ጥርስ ውስጥ ይገባል። በስኳር ቀቅሎ ኬክ ላይ መበተን የሚፈልግ ሰው ዝንጅብሉን መጀመሪያ በባዶ ውሃ፣ ሹካ በቀላሉ እስኪገባበት፣ አዲስ አበባ ላይ አንዳንዴ ከ1 ሰዓት በላይ ይቀቅለው። ሳይለሰልስ ስኳር ከገባበት ከዚያ በኋላ ቢውል አይለሰልስም።

ከአዳማ ሌላ አድማጭ፦ "የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከርከዴ ልጠጣ?"

ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ስለሚችል በየቀኑ ከመጠጣትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። መድኃኒቱን ትቶ በከርከዴ መተካት ግን አይሞከር። ነፍሰ ጡር እናቶች ቢተዉት ይሻላል። ጨጓራ የሚያሰቃየው ሰውም በባዶ ሆድ አይጠጣው።

ከድሬዳዋ፦ "መጠጡ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን ከርከዴ መጣሉ ያሳዝነኛል።"

አይጣሉት። ሜክሲኮ ውስጥ በሽንኩርት ጠብሰው ቂጣ ውስጥ ጠቅልለው ይበሉታል፤ ለእኛ የጾም ሳምቡሳም ተስማሚ ነው። ከ80 ግራም ደረቅ ከርከዴ የቀረውን በእጅ አጥብቀው ይጭመቁና በደቃቁ ይክተፉ፣ ሙሉውን ከተተወ እንደ ቆዳ ይጎተታል። ሦስት ሽንኩርት በዘይት በደንብ ወርቃማ እስኪሆን ያብስሉ። ከርከዴው የሚገባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ሽንኩርቱን አያለሰልስም። ምስር የሚቀላቅል ሰውም ምስሩን ለብቻው አብስሎ ይጨርስ፣ ምክንያቱ አንድ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ሦስት የተከተፈ ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ጨውና አንድ ቁንጥጫ ስኳር ጨምረው እርጥበቱ እስኪጠፋ በመካከለኛ እሳት ያማስሉ። ድስቱን ዘንበል ሲያደርጉ ውሃ ከወረደ ገና ነው፤ በዚያ ሁኔታ ከተጠቀለለ ሊጡን አርሶ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ይጠቅልሉ፣ ይጥበሱ።