በገዛ ቤቱ እንግዳ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ በረዶ ላይ በዱላ ስለሚጫወቱት ስለ አይስ ሆኪ ነው። ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባሁ ወዲህ ልቤን የወሰደው እሱ ነው።

እኛ በእግር ኳስ «በሜዳውና በደጋፊው ፊት» እንላለን። እንዲህ ስንል ቡድኑ ግማሹን ድል የያዘ ይመስለናል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ባለሜዳው ከ100 ጨዋታ የሚያሸንፈው 55 ያህሉን ነው። አንድ ቡድን በሜዳው 41 ጊዜ ይጫወታል እንበል። አስሉት። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ኖሮ ከሚያገኘው የሚበልጠው በሁለት ድል ገደማ ነው። በቃ፣ ሁለት። ግን በሁለት ድል ጥሎ ማለፍ ይገባል፣ በሁለት ድል ይቀራል።

ጩኸቱ አለ፣ የጉዞ ድካም አለ፣ የዳኛም ነገር አለ። እኔን የገረመኝ ግን ሕጉ ነው። ጨዋታ ሲቆም ተጫዋች ቀድሞ የሚቀይረው እንግዳው ነው። ባለሜዳው ማን እንደገባ አይቶ ይቀይራል። ይህን ያሳየኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ፐኩን (የሚመቱትን ጠፍጣፋ ጎማ) ተወው፣ አሰልጣኙን እይ» አለኝ። አየሁ። የእንግዶቹ ኮከብ ገባ። የእኛ አሰልጣኝ የአንዱን ተከላካይ ትከሻ መታ አደረገ። ልጁ አጥሩን ዘሎ በረዶው ላይ ዱብ አለ። ኮከቡ ከዚያ በኋላ መተንፈሻ አጣ።

በፈረንጆቹ ነሐሴ 2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ 24 ቡድኖች ኤድመንተንና ቶሮንቶ ተሰብስበው ያለ ተመልካች ተጫወቱ። የእኛው የኤድመንተን ቡድን ኦይለርስ ከቺካጎ ጋር ተገናኘ፣ ያውም በገዛ አዳራሹ። ሦስተኛውና አራተኛው ጨዋታ ግን በወረቀት የቺካጎ ሜዳ ተባለ። የመጨረሻው ቅያሪም የቺካጎ ሆነ። 4 ለ 3፣ ከዚያ 3 ለ 2። ሁለቱንም ተሸነፍን፣ ወጣን። ከሁለት ቀን በኋላ ቶሮንቶም በገዛ ከተማው በኮሎምበስ ተሸኘ።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ደጋፊው ቢኖር፣ ቅያሪው የእኛ ቢሆን እያልኩ። ዛሬ እንደዚያ አልልም። ከመቶ አምስት የምታህል ብልጫ በሁለት ምሽት አትታይም፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ጨዋታ ትፈልጋለች። በአንድ ጎል የተሸነፈ ሰው ግን ይህን መስማት አይፈልግም፣ እኔም አልፈለግኩም።

ያን ሰሞን ማታ ከሥራ ስመለስ በአዳራሹ በኩል አልፍ ነበር። መብራቱ ቦግ ብሏል። ውስጥ የእኛ ልጆች እየተጫወቱ ነው። ውጪ ግን አንድም ድምፅ የለም።