ውጭ አገር ሆኖ በኦንላይን ለሚሠራ አሜሪካዊ ኤልኤልሲ ታክስ ያስቀራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አብዛኞቹ ደዋዮች የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዘው አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም አውሮፓ ተቀምጠው በላፕቶፕ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሰዓት ጠቦን በሩጫ ያለፍናቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። ቁጥሮቹ የ2025 የታክስ ዓመት ናቸው። የደዋዮቹን ስም ትቼዋለሁ።

«አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ዜግነት አለኝ። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ ደንበኞቼ ሁሉ አሜሪካ ናቸው። ዋዮሚንግ ላይ ኤልኤልሲ ከከፈትሽ ታክስ አትከፍይም ተብዬ ከፈትኩ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ እውነት አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ወሬ ገንዘቡን እየከሰረ ስለሆነ በደንብ ላስረዳሽ።

ብቻሽን የያዝሽውን ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) አይአርኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአንቺ ለይቶ አያየውም። ገቢው ያንቺ ገቢ ነው፤ በዓመታዊው የታክስ ፎርም 1040 ስር፣ የግል ሥራ ትርፍ በሚጻፍበት ስኬጁል ሲ ላይ ትሞይዋለሽ። ለዋዮሚንግ በየዓመቱ ቢያንስ 60 ዶላር ትከፍያለሽ፣ አድራሻ ያከራየሽም ድርጅት የራሱን ይቀበላል። ታክሱ ግን ኤልኤልሲው ኖረም አልኖረም ያው ነው። ኤልኤልሲ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ደንበኛ ቢከስሽ የግል ንብረትሽን ይከልልልሻል፣ የአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ለመክፈትም ይመቻል። ለዚያ ብለሽ ከሆነ የከፈትሽው ያዢው።

ታክስሽን የሚያቀልልሽ ፎርም 2555 ነው። ውጭ አገር እየኖርሽ በሥራሽ ያገኘሽውን ገቢ እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ያደርግልሻል። የ2026 ጣሪያ ደግሞ 132,900 ነው። ደንበኛሽ አሜሪካ መሆኑ ችግር የለውም፤ የሚታየው ሥራውን ስትሠሪ የተቀመጥሽበት ቦታ ነው። በራሱ የሚመጣ መብት ግን አይደለም። ታክስሽን በወቅቱ አሳውቀሽ፣ ፎርሙን ሞልተሽ ነው የምታገኚው።

ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ጋ ነው። ይሄ ነጻ መብት የገቢ ግብርን እንጂ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስን፣ በግሉ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን፣ አይነካም። እሱ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) የሚከፈል ነው፣ 15.3 በመቶ። የተጣራ ትርፍሽ 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ ይመለከትሻል። ወጪሽን ቀንሰሽ 60,000 ዶላር ቀረሽ እንበል። ታክሱ የሚታሰበው በ60,000ው 92.35 በመቶ ላይ ነው፣ 55,410 ማለት ነው፤ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 8,478 ዶላር ገደማ ይመጣል። የገቢ ግብርሽ ዜሮ ሆኖ ይሄን ትከፍያለሽ። «ዜሮ ነው» ብሎ ያረጋጋሽ ሰው ይሄን አልነገረሽም።

የኢትዮጵያንም አትርሺ። በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚያ የቆየ ሰው ነዋሪ ይባላል፣ ነዋሪ ደግሞ ከየትም ባገኘው ገቢ ግብር አለበት፣ ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው። አሜሪካና ኢትዮጵያ የታክስ ስምምነት የላቸውም። ለኢትዮጵያ የከፈልሽውን ግብር በፎርም 1116 ከአሜሪካ የገቢ ግብር ላይ ማቀናነስ ይቻላል፤ በፎርም 2555 ነጻ ባደረግሽው ገቢ ላይ የተከፈለውን ግን አይጨምርም። ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ላይም አይቀነስም።

«330 ቀን የሚባለው እንዴት ነው የሚቆጠረው? በዓመት ሁለቴ ቨርጂኒያ እሄዳለሁ።»

በፎርም 2555 ለመጠቀም በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን አለብዎት። ሙሉ ቀን ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ከቨርጂኒያው ደለስ አየር ማረፊያ የተነሡበት ቀን አይቆጠርም።

አንዲት ደንበኛዬ ፓስፖርቷን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ማኅተሙን አንድ በአንድ እያየን ወረቀት ላይ ጻፍን። ለእህቷ ሠርግ 19 ቀን፣ በኋላ እናቷ ታመው 22 ቀን፣ ድምሩ 41 ቀን። የሚፈቀደው 35 ነው። ለስድስት ቀን ብላ መብቱን ልታጣ ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች። ግን 12ቱ ወር የግድ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር መሆን የለበትም። መነሻውን ወደ ፊት ገፋ ስናደርገው ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። ጣሪያው በቀኑ ልክ ትንሽ ቀነሰ እንጂ መብቱ አልጠፋም። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ካላንደር ላይ ይቁጠሩ፣ ማኅተም ያለባቸውን ገጾችም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ዜግነት ላለው ሌላም መንገድ አለ። ኑሮውን ውጭ አገር መሥርቶ አንድ ሙሉ የታክስ ዓመት የኖረ ሰው በነዋሪነቱ ማመልከት ይችላል፣ ለእሱ 330 ቀን አይቆጠርበትም።

«እኔ ግን ዜግነት የለኝም፣ ግሪን ካርድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝኩት። ለስምንት ወር ብዬ መጥቼ ኮድ እየጻፍኩ ነው፣ መቆየቴም አይቀርም።»

ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ፣ ግሪን ካርድህ እስካለ ድረስ የትም ብትኖር የዓለም ገቢህን ለአሜሪካ ታሳውቃለህ። ሁለተኛ፣ አሁን ያልኩት የነዋሪነት መንገድ ላንተ አይሠራም። ለግሪን ካርድ ባለቤት የሚፈቀደው አገሩ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ካላት ነው፣ ኢትዮጵያ የላትም። የቀረህ 330 ቀን ነው። ግን 330 ቀን ውጭ መቀመጥ ራሱ ግሪን ካርድህን ጥያቄ ውስጥ ይከትብሃል። ታክስ ለማዳን ስትቆይ የመኖሪያ ፈቃድህን ልታጣ ትችላለህ። ለመቆየት ካሰብክ ከአሜሪካ ሳትወጣ የመመለሻ ፈቃድ አመልክት፣ ፎርም I-131 ነው፣ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። አሁን ወጥተህ ከሆነ ዓመት ሳይሞላህ ተመልሰህ አመልክት፤ ከዚያ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር።

አንድ ነገር በጣም አደራ። አንዳንድ ታክስ ሠሪ «ነዋሪ አይደለህም» ብሎ በፎርም 1040-NR ይሠራልሃል። በአፍህ ነዋሪ ነኝ እያልክ በወረቀት አይደለሁም ብለህ ፈረምክ ማለት ነው። ለኢሚግሬሽን ይህ ግሪን ካርድህን እንደተውክ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሰው ለጥቂት መቶ ዶላር ብሎ የዓመታት ልፋቱን እንዲህ ሲያጣ አይቻለሁ።

«ጓደኛዬ ኤስ ኮርፕ አድርገው፣ ግማሹን ደሞዝ ግማሹን ትርፍ ብለህ ውሰድ ይለኛል። ናይሮቢ ነኝ፣ በዓመት 90,000 ዶላር ይገባኛል።»

ኤስ ኮርፕ ማለት ኩባንያው ለባለቤቱ ደሞዝ ከፍሎ የቀረውን እንደ ትርፍ የሚያሳውቅበት የታክስ አሠራር ነው። ጓደኛህ የነገረህ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ሰው ልክ ነው። ውጭ ስትሆን ስሌቱ ይገለበጣል። ፎርም 2555 የሚያድነው የሥራ ገቢን ነው፣ ከኩባንያ የሚወጣ የትርፍ ድርሻ የሥራ ገቢ አይደለም።

ያንተን ቁጥር ልውሰድ፣ ላጤ እንደሆንክ አስቤ። ምንም ሳትቀይር በግልህ ብትሠራ የገቢ ግብርህ ዜሮ፣ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስህ 12,700 ገደማ ነው። ኤስ ኮርፕ ሆነህ 45,000 ደሞዝ ብትወስድ የደሞዝ ታክሱ 6,885 ይሆናል። ግማሽ ቀነሰ ብለህ ደስ ይልሃል። ግን ደሞዙና ኩባንያው የሚከፍለው የደሞዝ ታክስ ግማሽ ወጥቶ የቀረው 41,500 ገደማ ትርፍ ነጻ አይደለም። ነጻ የሆነው ደሞዝህ ዝቅተኞቹን የታክስ እርከኖች ስለሚይዝብህ ትርፉ የሚታሰበው ከላይኛው ጀምሮ ነው፣ 12 ከዚያ 22 በመቶ። ለሁሉም የሚፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ ከወጣ በኋላ 5,300 ገደማ ይመጣል። ድምሩ 12,200። በዚያ ላይ ለኩባንያው የተለየ የታክስ ፎርም አለ፣ በየሩብ ዓመቱ የደሞዝ ሪፖርት አለ፣ የሚሠራልህም ሰው ይከፈለዋል። የዳነው 500 ዶላር ለዚያም አይበቃም። አትግባበት።

«ዱባይ ነዋሪ ነኝ፣ ዜግነት አለኝ። እዚሁ ፍሪ ዞን ኩባንያ ከፍቼ ደሞዝተኛው ብሆንስ?»

ይሄ ነው በሕግ የሚያስኬደው መንገድ። የአሜሪካ ያልሆነ ኩባንያ ውጭ አገር ለሚሠራ ዜጋ ደሞዝ ሲከፍል የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ የለበትም። እንደ ናይሮቢው ደዋይ 90,000 አግኝተህ በደሞዝ ብትወስድ ያ 12,700 ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ይቀርልሃል፣ ደሞዙም በፎርም 2555 ነጻ ይሆናል። ኤምሬትስ በደሞዝ ላይ ግብር የላትም። የኩባንያ ታክስ ከ2023 ጀምሮ አለ፣ ከ375,000 ድርሃም በላይ ባለ ትርፍ ላይ 9 በመቶ፣ ደሞዝህ ግን ወጪ ሆኖ ይቀነሳል።

ዋጋው ይሄ ነው። በየዓመቱ ፎርም 5471፣ የውጭ ኩባንያ ያለው አሜሪካዊ የሚያስገባውን ሪፖርት፣ መሙላት አለብህ። ረጅምና ውስብስብ ነው፣ ካልሞላህ ቅጣቱ ለአንድ ዓመት 10,000 ዶላር። ኩባንያው ውስጥ የተወከው ትርፍም ኪስህ ባይገባም በዚያው ዓመት ባንተ ላይ ሊታሰብ ይችላል፣ ስለዚህ ትርፍ እዚያ አታጠራቅም። ኩባንያው ደግሞ የእውነት መሆን አለበት። ውሉ በኩባንያው ስም፣ ኢንቮይሱ በኩባንያው ስም፣ ገንዘቡ የሚገባው በኩባንያው ሂሳብ፣ ደሞዝህ በየወሩ ከዚያ የሚወጣ። ደንበኛው ላንተ እየላከ ኩባንያው ፋይል ውስጥ ብቻ ካለ አይአርኤስ አይቀበልህም። ገቢህ ከ40,000 በታች ከሆነ የፈቃዱና የሒሳብ ሠራተኛው ወጪ ጥቅሙን ይበላዋል፣ ተወው።

ሌላም አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ካልከፈልክ የጡረታ ነጥብ አይቆጠርልህም። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፣ የአሥር ዓመት ሥራ ማለት ነው። 32 ላይ ቆመህ ከሆነ ሁለት ዓመት ከፍለህ ብትጨርስ ይሻልሃል። ይሄን ለወጣቶች ስነግር ብዙም አይሰሙኝም፣ 62 ዓመት ሲሞላቸው ግን መጥተው ይጠይቁኛል።

አዲስ አበባ እየኖራችሁ ዱባይ ኩባንያ ለመክፈት የምታስቡም አላችሁ። ኩባንያው የሚመራው ከአዲስ አበባ ከሆነ የኢትዮጵያ ሕግ እንደ ኢትዮጵያ ነዋሪ ድርጅት ያየዋል።

«ስዊድን ነኝ። እኔም እንደዚያ ልክፈት?»

አያስፈልግዎትም። ስዊድን ከአሜሪካ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት አላት፣ ጀርመን፣ ጣልያን፣ ኖርዌይና እንግሊዝም እንዲሁ። እዚያ እየከፈሉ መሆኑን የሚገልጽ የሽፋን ሰርተፊኬት ከአገሩ መሥሪያ ቤት ያውጡ፣ የአሜሪካው 15.3 በመቶ ይቀርልዎታል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኤምሬትስና እስራኤል ይህ ስምምነት የላቸውም። ግብሩ ከፍ ባለበት አገር ደግሞ ከፎርም 2555 ይልቅ ፎርም 1116 ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያላቸው ልጆች ካሉዎት ለአንድ ልጅ እስከ 1,700 ዶላር በእጅ ሊመለስልዎት ይችላል፤ ፎርም 2555 የሞላ ሰው ግን ይህን ተመላሽ አያገኝም።

«ስድስት ዓመት ታክስ አላሳወቅኩም፣ አላውቅም ነበር። በዚያ ላይ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ባንክ የምፈርመው እኔ ነኝ። አሁን ፈርቻለሁ።»

እናቴ፣ አይፍሩ። ባለማወቅ ላልሞላና ውጭ አገር ለሚኖር ሰው አይአርኤስ የተመቻቸ መንገድ አለው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ታክስና ያለፉትን ስድስት ዓመታት የባንክ ሪፖርት ያስገባሉ፣ ለምን እንዳልሞሉም በፎርም 14653 በራስዎ ቃል በእውነት ይጽፋሉ። ያለብዎትን ታክስ ከነወለዱ ይከፍላሉ፣ ቅጣት የለም። ይህ የሚሠራው ግን እነሱ ቀድመው ምርመራ ሳይጀምሩብዎት በፊት ነው።

የባንክ ሪፖርቱ ኤፍባር ይባላል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሂሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ይሞላል። የእድሩ ገንዘብ የእርስዎ ባይሆንም ፈራሚ ስለሆኑ ይገባል። ታክስ አይከፈልበትም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። ብሩን ወደ ዶላር የሚቀይሩት በአሜሪካ ግምጃ ቤት የዓመት መጨረሻ ምንዛሪ ነው። የእድሩን የባንክ ደብተርና የስድስቱን ዓመት የሂሳብ መግለጫ ይዘው ይምጡ፣ በዚያ እንጀምራለን።